ከጥላው ጫፍ እስከ ካልኩለስ ደጃፍ

ትሪጎኖሜትሪን በቃሉ ያጠና ተማሪ ብዙ ነው። ሳይን ምን እንደሆነ የገባው ግን ጥቂት ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ካልኩለስ ላይ ሲደረስ ነው።

ጥር አጋማሽ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ሃያ የሚሆኑ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የባንዲራውን ምሰሶ ከበዋል። ደብተር ያወጣ የለም። አንዱ ልጅ የአንድ ሜትር ዘንግ ይዟል፤ አንዷ የልብስ ሰፊ ሜትር በጣቶቿ ጠቅልላለች። መምህሩ ዘንጉን መሬት ላይ ቀጥ አድርገው ያዙና ጥላውን እንድትለካ ነገሯት።

«80 ሳንቲ ሜትር።»

«የምሰሶውስ?» ሦስት ልጆች ተጋግዘው ለኩ። 6 ሜትር ከ40።

«እንግዲህ ምሰሶው ራሱ ስንት ሜትር ነው?»

ግቢው ዝም አለ። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ፎርሙላ ሲፈልጉ ይታያል። መጨረሻ ላይ ከኋላ የቆመች ልጅ «8 ሜትር፣ ቲቸር» አለች።

«በየትኛው ፎርሙላ አገኘሽው?»

«በፎርሙላ አይደለም። የዘንጉ ጥላ ከ100 ሳንቲ ሜትር 80 ነው። የምሰሶውም ጥላ ከቁመቱ ያንኑ ያህል መሆን አለበት። ፀሐይዋ እንደሆነች አንድ ናት።»

መምህሩ ይህችን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ሲጠብቁ የቆዩ ይመስላሉ። «ቁመቱን ለጥላው አካፍሉት» አሉ። «ለዘንጉ 1.25 ይመጣል። ለምሰሶውም 1.25። የእኔን ቁመት ለእኔ ጥላ ብታካፍሉትም 1.25። በዚህች ደቂቃ በዚህ ግቢ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ሁሉ 1.25 ነው። ቁጥሩ የዘንጉም የምሰሶውም አይደለም፤ የፀሐይዋ ነው። ፀሐይዋ አሁን ከመሬት 51 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላለች፤ 1.25 የሚናገረው ይህንን ነው። ስሙን ታውቁታላችሁ። ታንጀንት ይባላል።»

አንድ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዲህ ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ታንጀንትን ሲያሰላ የመጀመሪያ ቀኑ አይደለም። ሲያየው ግን የመጀመሪያ ቀኑ ነው።

እንደ ዳዊት የተደገመ

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ ሶህ-ካህ-ቶአን ያስታውሳል። ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት የትኛው ጎን ለየትኛው ሲካፈል እንደሚገኙ የሚነግር የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ነው። ከእርሱ ቀጥሎ «ኦል ስቱደንትስ ቴክ ካልኩለስ» ይመጣል፤ ተማሪ ሁሉ ካልኩለስ ይወስዳል እንደማለት ነው። የየቃሉ የመጀመሪያ ፊደል በአራቱ የግራፍ ሩቦች ውስጥ ፖዘቲቭ የሚሆነው ማን እንደሆነ ያስታውሳል። እኔም በጊዜዬ ሁለቱንም እንደ ዳዊት ደግሜአቸዋለሁ። ፈተናውም አልከበደኝም። «ሳይን ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ኢንጂነሪንግ ለገቡ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ካልኩለስ የሚያስተምሩ አንድ መምህር በየዓመቱ ትምህርቱን የሚጀምሩት በአንድ ጥያቄ ነው። «የ90 ዲግሪ ሳይን ስንት ነው? እላቸዋለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ 1 ይላል። ቀጥዬ፣ በጎነ ሦስት አሳዩኝ እላለሁ። አንዱ አንግል 90 ሆኖ ሌላውም 90 የሆነ ጎነ ሦስት የለም። ዝም ይላሉ። የ120 ዲግሪ ሳይንስ? እርሱንም ያውቁታል፤ ከየት እንደመጣ ግን አንዱም አይነግረኝም።»

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ሶህ-ካህ-ቶአ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ከ0 እስከ 90 ዲግሪ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻ የሚሠራ እውነት ነው። ካልኩለስ የሚጠይቀው ሳይን እዚያች ክፍል ውስጥ የለም። የሚዞር፣ የሚመላለስ፣ የሚወዛወዝ ነገር ነው። ተማሪው ከጎነ ሦስት ወደሚዞረው ነገር የሚሻገርበት ድልድይ ሳይሠራለት ወንዙ ማዶ እንዲገኝ ይጠበቅበታል።

በጫማ የተለካ ሰዓት

ጥላን መቁጠር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በግዕዝ የብራና መጻሕፍት ውስጥ በየወሩና በየሰዓቱ የሰው ጥላ በእግር ሲለካ ስንት ጫማ እንደሚሆን የሚዘረዝሩ ሠንጠረዦች አሉ። ካህኑ ከራሱ ጥላ ጫፍ እስከ ተረከዙ ይለካል፤ ሠንጠረዡ ሰዓቱን ይነግረዋል። የዛሬ ተማሪ ያንን ሠንጠረዥ ቢያየው ኮታንጀንት ሊለው ይችል ነበር፤ ጥላ ለቁመት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ኮታንጀንት ነውና። የመካከለኛው ዘመን የዐረብኛ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም እነዚህን ቁጥሮች የሚጠሯቸው በዚሁ ስም ነበር፤ ጥላ ይሏቸው ነበር። ታንጀንት የሚለው የላቲን ስም የመጣው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1583፣ ቶማስ ፊንከ በተባለ የዴንማርክ ሰው መጽሐፍ ነው። «የሚነካ» ማለት ነው፤ ክቡን ነክታ የምታልፈውን መስመር ያስታውሳል።

አዲስ አበባ ላይ የሚቆም የአንድ ሜትር ዘንግ ዓመቱን ሙሉ ሲታይ የራሱ ታሪክ አለው። ታኅሣሥ 12 አካባቢ በእኩለ ቀን ጥላው 64 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆንና ወደ ሰሜን ይተኛል። ከዚያ በየሳምንቱ ያጥራል። ሰኔ 14 አካባቢ ደግሞ ወደ ደቡብ ዞሮ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ለመሻገር በመካከል አንድ ቀን ዜሮ መሆን አለበት። ስለዚያ ቀን በኋላ እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ጥላው እንዴት እንደሚቀየር ነው። በታኅሣሥና በሰኔ ጫፎች ላይ ቀናት አልፈውም ለውጡ ለዓይን አይታይም። በመካከሉ ግን፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከቀን ወደ ቀን ይሮጣል። ጫፍ ላይ ቀርፋፋ፣ መሐል ላይ ፈጣን። ይህንን ያየ ሰው የካልኩለስን ዋና ጥያቄ ሳያውቀው ጠይቋል፤ ነገሩ ስንት ነው ሳይሆን፣ ምን ያህል ቶሎ ይለወጣል?

ጉያ የሆነው ጅማት

ሳይን የሚለው ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ ምንም አይነግረውም። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪውም ቢሆን ብዙ አይነግረውም። ታሪኩ ግን ደስ የሚል ነው፤ በክፍል ውስጥ ቢነገር ደግሞ ከአንድ ገጽ ፎርሙላ ይልቅ ያስተምራል።

የመጀመሪያዎቹ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የሚለኩት የደጋኑን ጅማት ነበር። ክብ ሥሩ፤ በዙሪያው ላይ ሁለት ነጥቦች አድርጉና በቀጥታ መስመር አገናኟቸው። ቅስቱ ደጋን፣ መስመሩ ጅማት ይሆናል። ግብፅ እስክንድርያ የነበረው በጥሊሞስ በ2ኛው ክፍለ ዘመን በየግማሽ ዲግሪው የጅማቱን ርዝመት የሚሰጥ ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። ሕንዶች ግን ለስሌት የሚመቸው ሙሉው ጅማት ሳይሆን ግማሹ እንደሆነ አስተዋሉ። በሳንስክሪት ጅያ ወይም ጂቫ አሉት፤ የቀስት ጅማት ማለት ነው። ዐረቦች ቃሉን ድምፁን ጠብቀው ጂባ አሉት። ዐረብኛ ሲጻፍ አናባቢው ስለማይጻፍ በኋላ ያዩት ሰዎች ጀይብ ብለው አነበቡት፤ የልብስ እጥፋት፣ ጉያ ማለት ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የላቲን ተርጓሚዎች ያነበቡትን በታማኝነት ተርጉመው ሲኑስ አሉት። ሲኑስም ጉያ ነው። ሳይን የምንለው እርሱን ነው።

እንግዲህ ሳይን በተሳሳተ ንባብ ጉያ የተባለ የደጋን ግማሽ ጅማት ነው። ይህንን የሰማ ተማሪ ሳይን የክብ ልጅ እንጂ የጎነ ሦስት ልጅ እንዳልሆነ ይረዳል። ጎነ ሦስቱ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው።

*«ሳይን የክብ ልጅ ነው፤ ጎነ ሦስቱ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው።»*

ሕንዳዊው አርያብሃታ እ.ኤ.አ. በ499፣ ከአፄ ካሌብ ዘመን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የሳይን ሠንጠረዡን በግጥም ጻፈ። የጻፈው ግን ሳይኖቹን አይደለም፤ በተከታታይ ሳይኖች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከ0 እስከ 90 ዲግሪ ያለውን በ24 እኩል ደረጃ ከፍሎ በእያንዳንዱ ደረጃ ስንት እንደሚጨመር ብቻ ነገረ። 225፣ 224፣ 222፣ 219፣ 215፣ 210፣ 205፣ 199 እያለ ይወርዳል፤ መጨረሻው 37፣ 22፣ 7 ነው። የክቡን ሬዲየስ 3438 አድርጎታል።

እነዚህን ቁጥሮች እንደ አስተማሪ እወዳቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን 8 ደምሩ፤ 1719 ይመጣል። የ3438 ትክክለኛ ግማሽ ነው። ስምንት ደረጃ 30 ዲግሪ ስለሆነ፣ የ30 ዲግሪ ሳይን ግማሽ መሆኑን በመደመር ብቻ አገኛችሁት። አሁን ደግሞ ቁጥሮቹ ሲወርዱ ተመልከቱ። ሳይኑ ወደ ላይ ሲወጣ ጭማሪው እያነሰ ይሄዳል፤ አናቱ ላይ ሲደርስ ጭማሪው ሊያልቅ ምንም አይቀረውም። ከሙሉ ተነሥቶ ወደ ዜሮ የሚወርድ ቁጥር ደግሞ ሌላ ስም አለው፤ ኮሳይን። ስለዚህ የሳይን ለውጥ ኮሳይን ነው የሚለው ነገር ከ1500 ዓመት በፊት በተጻፈ ሠንጠረዥ ውስጥ በመቀነስ ብቻ ይታያል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህንኑ «የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን ነው» ብሎ በአንድ መስመር ያጠናዋል፤ ሠንጠረዡን ሳያይ።

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። በደቡብ ሕንድ ኬረላ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ የተወለደው ማድሃቫ ሠንጠረዡን የበለጠ ለማጥራት ሲል ሳይንን ማለቂያ በሌለው የድምር ሰንሰለት የሚሰጥ ስሌት ላይ እንደደረሰ ተከታዮቹ ጽፈዋል። ኒውተን ያንኑ ሰንሰለት ያገኘው ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የሳይንን ሠንጠረዥ ማጥራት ሰዎችን በቀጥታ ካልኩለስ ደጃፍ ላይ አደረሳቸው ማለት ነው። ዛሬ በትምህርት ቤት ሁለቱ እንደማይተዋወቁ ምዕራፎች መቅረባቸው ያሳዝነኛል።

ብስክሌቱ

ከምሰሶው ጥላ በኋላ መምህሩ ከጥበቃው የተዋሱትን ብስክሌት ገልብጠው በመቀመጫውና በመሪው አቆሙት። በኋለኛው ጎማ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር ተቋጥሯል። ጎማውን ቀስ አድርገው አዞሩት።

«ክሩ ምን እያደረገ ነው?»

«እየዞረ ነው።»

«አሁን ከፊቱ ተነሡና ከኋላ በኩል፣ በጎማው ስለት አቅጣጫ ሆናችሁ እዩት።»

ልጆቹ ተጋፍተው ዞሩ። ከዚያ ሲያዩት ጎማው ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ አንድ የቆመ ዘንግ ሆነ። ክሩም መዞሩን ተወና መውጣትና መውረድ ብቻ ጀመረ። ይወጣል፣ አናት ላይ ያመነታል፣ ይወርዳል፣ መሐሉን በጥድፊያ ያልፋል፣ ታች ያመነታል። መምህሩ «ሳይን ይህ ነው» አሉ። «የክሩ ከፍታ። ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል ብታዩት ደግሞ ወዲያና ወዲህ ሲል ታዩታላችሁ። እርሱ ኮሳይን ነው። ሁለቱም አንድ ክር ናቸው፤ የተለያየው የእናንተ መቆሚያ ነው።»

የ120 ዲግሪ ሳይን ወዲያው ተፈታ፤ ክሩ አናቱን አልፎ መውረድ ሲጀምር ያለው ከፍታ ነው። የ270 ዲግሪውም ኔጌቲቭ 1 ነው፤ ክሩ ታች ነዋ። የሳይን ካሬና የኮሳይን ካሬ ሲደመሩ 1 ይሆናሉ የሚለውም ጥናት የሚያስፈልገው አልሆነም። ክሩ ከመሐሉ ያለው ርቀት አይለወጥም፤ ያ ርቀት አንድ ከተባለ የቀረው የፓይታጎረስ ሥራ ነው። ፓይታጎረስን ደግሞ የግንባታ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ የቤት ማዕዘን ሲያወጣ 3፣ 4፣ 5 ብሎ ሲባጎ የሚዘረጋው በእርሱ ነው።

ከዚያ መምህሩ የሙያቸውን ሁሉ ያፈሰሱበት የመሰለኝን ጥያቄ ጠየቁ። «ክሩ ከፍታው በጣም ቶሎ የሚለወጠው የት ላይ ነው?»

«መሐል ላይ።»

«የማይለወጠውስ?»

«አናት ላይና ታች።»

«ለምን? ጎማው እኮ እኩል ነው የሚዞረው። ማንም አላፋጠነውም፣ ማንም አላዘገየውም።»

መልሱ ጊዜ ወሰደ። አንድ ልጅ ጎማውን በእጁ ይዞ ክሩን በቀኝ ጠርዝ ላይ አቆመውና አየው። «እዚህ ላይ ሲሆን የሚሄደው ሽቅብ ብቻ ነው» አለ። ወደ አናት ወሰደው። «እዚህ ላይ ደግሞ የሚሄደው ወደ ጎን ብቻ ነው። ፍጥነቱ አልጠፋም፤ ወደ ከፍታ መዋሉ ነው የቀረው።»

ይህ ልጅ የሳይንን ዴሪቬቲቭ አገኘ። የሚዞር ነገር የሚሄደው ሁልጊዜ ከመሐሉ ወደ እርሱ ከተዘረጋው መስመር በ90 ዲግሪ ዞሮ ነው። ስለዚህ ክሩ ወደ ቀኝ በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ ወደ ላይ በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከፍታው የሚለወጥበት ፍጥነት ክሩ ወደ ቀኝ ያለበት ርቀት ነው፤ ኮሳይን ማለት ነው። ወደ ቀኝ ያለበት ርቀት የሚለወጥበት ፍጥነት ደግሞ ከፍታው ነው፤ ነገር ግን አቅጣጫው ወደ ግራ ስለሆነ ኔጌቲቭ ምልክት ይወስዳል። ብዙ ተማሪ በፈተና የሚረሳት የመቀነስ ምልክት ከዚህች ወደ ግራ ከማዘንበል የመጣች ናት። ጎማውን ያየ አይረሳትም።

ዲግሪ ለምን ይቀራል?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ በካልኩለስ መግቢያ ላይ አንድ ትእዛዝ ይሰጠዋል፤ ከእንግዲህ አንግል የሚለካው በሬዲያን ነው። ለምን እንደሆነ የሚነገረው ብዙ ጊዜ የለም። ለዓመታት የተዋወቀው ዲግሪ ድንገት ይነጠቃል፤ በምትኩ ፓይ ያለበት ክፍልፋይ ይሰጠዋል። 180 ዲግሪ ፓይ ነው ብሎ ያጠናና ያልፋል። ከዚያ የ30ን ሳይን ሲፈልግ የሂሳብ ማሽኑ ኔጌቲቭ 0.988 ይሰጠዋል፤ ማሽኑ ሬዲያን ላይ ስለተተወ 30 ዲግሪ ሳይሆን 30 ሬዲያን አስልቷል። ተማሪው ማሽኑ ተበላሽቷል ይላል።

360 ዲግሪ የባቢሎናውያን ስጦታ ነው፤ በ60 ይቆጥሩ ነበርና። ጥሩ ቁጥር ነው፤ ለብዙ ይካፈላል። ክቡ ራሱ ግን ስለ 360 የሚያውቀው ነገር የለም።

መምህሩ ሌላ ክር አወጡ። ከጎማው መሐል እስከ ጠርዙ ለክተው ቆረጡት፤ 33 ሳንቲ ሜትር። ያንኑ ክር በጠርዙ ላይ አስተኙት። የሸፈነው አንግል አንድ ሬዲያን ነው፤ ከ57 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል። ደጋግመው ሲያስተኙት ጎማው ስድስት ጊዜ ሞልቶ ከሩብ ክር ጥቂት የሚበልጥ ተረፈ። የዙሪያው ርዝመት የሬዲየሱ 6.28 እጥፍ ነው፤ ሁለት ፓይ የሚባለው ይኸው ነው። ሬዲያን ማለት የክቡን ዙሪያ በክቡ በራሱ ክንድ መለካት ነው።

ጥቅሙ ወዲያው ይታያል። ክሩ በሰከንድ አንድ ሬዲየስ ያህል መንገድ ከሄደ የሄደበት ፍጥነትና ያለበት ርቀት በአንድ ልክ ተለኩ። ያኔ የከፍታው ፍጥነት ኮሳይን ራሱ ይሆናል፤ የሚጨመርበትም የሚቀነስበትም የለም። በዲግሪ ከቆጠርን ግን በእያንዳንዱ ስሌት ፊት 0.01745 የሚባል ትርፍ ቁጥር ይለጠፋል። ለትንሽ አንግልም ቅስቱና ከፍታው ሊለዩ እስከማይችሉ ይቀራረባሉ፤ የ1 ዲግሪ ቅስት በሬዲያን 0.01745 ነው፤ የ1 ዲግሪ ሳይንም 0.01745 ነው። በካልኩለስ መጽሐፍ ውስጥ ተማሪን የሚያስጨንቀው የሳይን ሊሚት ከዚህ ሌላ ነገር አይናገርም፤ ደጋኑ እጅግ ሲያጥር ደጋንና ጅማት አንድ ይሆናሉ።

አርያብሃታ ሬዲየሱን 3438 ያደረገውም በዘፈቀደ አልነበረም። የክቡን ዙሪያ በዲግሪ ደቂቃ፣ ማለትም በዲግሪ አንድ ስልሳኛ፣ ለክቶ፣ ሬዲየሱ በዚያው ደቂቃ ሲለካ ስንት እንደሚሆን አሰላ። አንድ ሬዲያን 3438 ደቂቃ ያህል ነው። የመጀመሪያው ቁጥሩ 225 የሆነውም ለዚህ ነው፤ ቅስቱም 225 ደቂቃ፣ ሳይኑም 225። ሬዲያን የሚለው ስም ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወጣ ነው፤ ሐሳቡ ግን እዚያ ነበር።

ትራይፖድ የያዙት ሰዎች

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በሦስት እግር የቆመ መሣሪያ ላይ ዓይናቸውን ተክለው የሚያዩ ሰዎችን ያላስተዋለ የለም። ቀያሾች ናቸው። መሣሪያው ቶታል ስቴሽን ይባላል። ራቅ ብሎ ወደቆመ ብርሃን መላሽ ፕሪዝም ጨረር ልኮ ርቀቱንና አንግሉን ይለካል፤ ሳይኑንና ኮሳይኑን ውስጡ አስልቶ የቦታውን ከፍታና አቀማመጥ ያወጣል።

ሠላሳ ዓመት በሙያው የቆዩ አንድ ቀያሽ ድሮ ቀን በቴዎዶላይት የለኩትን ማታ በፋኖስ ብርሃን በሠንጠረዥ እየፈለጉ ያሰሉ እንደነበር አጫወቱኝ። አሁን ቀላል ሆኗል ይላሉ፤ የሚያሳስባቸው ሌላ ነው። «አንድ ጀማሪ ልጅ መሣሪያውን ዲግሪ ከማድረግ ፈንታ ጎን ላይ ትቶት ነበር።» ጎን ክብን ለ400 የሚከፍል መለኪያ ነው፤ በእርሱ ቀጥ ያለ ማዕዘን 100 ነው። «ቁጥሮቹን አመጣልኝ። አየኋቸውና ይህ ዳገት እንዲህ ሊሆን አይችልም አልኩት። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን ቁጥሩን ከዳገቱ ጋር አላያየውም።»

የአገራችን ካርታም በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1840ዎቹ ከተራራ ተራራ አንግል እየለካ የሰሜኑንና የምዕራቡን አገር በጎነ ሦስት አያያዘ፤ ውጤቱ ከ1860 ጀምሮ ፓሪስ ላይ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በዓባይ ተፋሰስ ጥናት ጊዜ የተዘረጋው የቅየሳ መረብ በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ካለው ከአዲንዳን ነጥብ ጋር ተያያዘ። ቀያሾቻችን ዛሬም አዲንዳን የሚሉት መነሻ እርሱ ነው።

ንባብና ትርጓሜ

እንደ ቅዳሜው መምህር ለማስተማር ጊዜ የለም የሚሉ አስተማሪዎች አሉ፤ ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። «60 ተማሪ አለኝ፤ መሸፈን ያለበት ምዕራፍ አለ፤ ፈተናው ብስክሌቱን አይጠይቅም» ያሉኝ አንዲት የሂሳብ መምህርት እውነታቸውን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ ደግሞ ጭንቀቱ በአስተማሪም በወላጅም ላይ በርትቷል።

እኔ ግን ያ ውጤት የሚያስረዳው ተቃራኒውን ይመስለኛል። የማይገባንን ነገር በብዛት መሸፈን አላዋጣንም። ብስክሌቱ የፈጀው አርባ ደቂቃ ነው። በዚያች አርባ ደቂቃ ውስጥ ለየብቻ ሲጠኑ ሳምንታት የሚፈጁ ነገሮች ተፈትተዋል፤ የአራቱ ሩብ ምልክቶች፣ የፓይታጎረሱ ቀመር፣ ሬዲያን፣ ሁለት ዴሪቬቲቮች።

ማጥናትን አልቃወምም። የቤተ ክህነት ትምህርታችን በማጥናት ላይ የቆመ ነው፤ ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ብዙ ነገር ሳይገባው በቃሉ ይይዛል። ትምህርቱ ግን እዚያ አያልቅም። ዜማ ቤት አለ፣ ቅኔ ቤት አለ፤ በመጨረሻ መጽሐፍ ቤት ገብቶ ያንኑ በቃሉ የያዘውን ንባብ ከትርጓሜው ጋር ይማራል። ንባቡ ለትርጓሜው የተቀመጠ ስንቅ ነው። የእኛ የትሪጎኖሜትሪ ተማሪ ንባቡን በሚገባ ይዟል። ወደ መጽሐፍ ቤት የሚያስገባው ነው ያጣው።

ቋንቋም አለበት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ይሁን። በቅዳሜው ግቢ ውስጥ ግን ነገሩ የተፈታው በአማርኛ ነው። ደጋን፣ ጅማት፣ ጥላ፣ ዳገት፣ መዞር፣ ማመንታት። እነዚህ ቃላት ለማንም ልጅ አዲስ አይደሉም። አስተማሪው በእነርሱ ጀምሮ በእንግሊዝኛው ቢጨርስ ሕግ የሚጥስ አይመስለኝም።

ጥላ የሌለበት ቀን

ከላይ የተውኩት ቀን ሚያዝያ 5 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች በዚያን ቀን ፀሐይዋ በእኩለ ቀን በትክክል አናታችን ላይ ትሆናለች። ሀዋሳ ላይ ይህ የሚሆነው ከአምስት ቀን ያህል ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት መጨረሻ ነው፤ ባሕር ዳር ሚያዝያ 12 እና 13 አካባቢ፣ ጎንደር ደግሞ ከዚያ ሦስት ቀን ያህል ቆይቶ። ነሐሴ 23 ገደማ አዲስ አበባ ላይ ይደገማል፤ ያኔ ግን ደመናው አያሳይም።

የ10ኛ፣ የ11ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ልጅ በቤታችሁ ካለ በዚያን ቀን አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ በቱንቢ አስተካክላችሁ ግቢ ውስጥ አቁሙ። ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምራችሁ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በአዲስ አበባ ጥላው የሚጠፋው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። ልጁ ቁመቱን ለጥላው እንዲያካፍል ጠይቁት፤ ጥላው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድም ይንገራችሁ።